ብቻውን የሚበላ ልጅ፦ ስግብግብነትና ምርጫ በሲ. ኤስ. ሉዊስ የናርኒያ ልቦለዶች

በረዶ የዋጠው ጫካ ውስጥ ፊቷ እንደ ወረቀት የነጣ ረጅም ሴት፣ ነጫጭ አጋዘኖች የሚስቡትን ተንሸራታች ሠረገላዋን አቁማ ብርድ ያንዘፈዘፈውን ልጅ እግሯ ሥር ታስቀምጠዋለች። ካባዋን ጣል ታደርግለታለች፤ ትኩስ መጠጥ ትሰጠዋለች። ከዚያ መብላት የሚወደውን ትጠይቀዋለች። ልጁ ኤድመንድ ፔቬንሲ ይባላል። ያማረው ተርኪሽ ዲላይት ነው፤ ከስታርችና ከስኳር የሚሠራ፣ ላዩ በደቀቀ ስኳር የተነሰነሰ፣ አፍ ውስጥ የሚሟሟ የቱርክ ጣፋጭ። በአረንጓዴ የሐር ጥብጣብ የታሰረ ክብ ሣጥን ሞልቶ ይመጣለታል። እሱ ሲበላ እሷ ትጠይቃለች፤ ስንት ወንድምና እህት እንዳለው፣ ከመካከላቸው ወደዚህ አገር የመጣ እንዳለ፣ ስለ ናርኒያ ሌላ የሚያውቅ ሰው እንዳለ። አፍን ሞልቶ መናገር ነውር መሆኑ መጀመሪያ ላይ ትዝ ይለዋል። ትንሽ ቆይቶ ይረሳዋል፤ አንድ ወንድምና ሁለት እህቶች እንዳሉት፣ አንዷ እህቱም ከአንድ የጫካ ፍጡር ጋር እንደተገናኘች ሳይታወቀው ዘክዝኮ ይጨርሳል።

ሲ. ኤስ. ሉዊስ ይህ ትዕይንት የሚገኝበትን «አንበሳው፣ ጠንቋይዋና ቁም ሳጥኑ» የተሰኘ ልቦለድ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1950 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደዚያው ናቸው)። ሉዊስ በ1898 ቤልፋስት የተወለደ፣ ከ1925 ጀምሮ በኦክስፎርድ ማግደለን ኮሌጅ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ የመካከለኛው ዘመን ድርሳናት ሊቅ ነበር። የናርኒያ ተከታታይ በ1956 በሰባተኛው መጽሐፍ እስኪያልቅ ድረስ ስግብግብነት ደጋግሞ ይመጣል፤ የሚፈተኑትም አብዛኛውን ጊዜ ልጆች ናቸው። እዚህ የማነሣው በተለይ ሦስቱን ነው፦ ኤድመንድን፣ የአክስቱን ልጅ ዩስታስን፣ ከእነሱ በፊት ናርኒያን ያየውን ዲጎሪን። መከራከሪያዬ በአጭሩ ይህ ነው፦ በሉዊስ ዓለም የስግብግብነት መለኪያው ልጁ በሐሳቡ ማንን ከገበታው እንዳስነሣ ነው። የፈለገው ነገር ብዛት ከዚህ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው። ሦስቱም ልጆች ወደ ጥፋት ያዘነበሉት አንድን የቅርብ ሰው ከሒሳባቸው ባስወጡበት ቅጽበት ነው፤ የዳኑትም ያ ሰው እንደገና ሲታያቸው ነው።

በመጀመሪያ ግን ስለ ጣፋጩ። በዛሬው ዘመን ያለ አንባቢ አንድ ልጅ ለከረሜላ ብሎ ወንድምና እህቶቹን አሳልፎ ሰጠ ሲባል ነገሩ ቀልድ ይመስለዋል። በ1950 መጽሐፉን የገዛው የእንግሊዝ ቤተሰብ ግን አልሳቀም። በእንግሊዝ አገር ስኳር በራሽን መከፋፈል የጀመረው በጥር 1940፣ ከረሜላና ቸኮላት ደግሞ በሐምሌ 1942 ነው። ጦርነቱ ካለቀ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 1949 የከረሜላው ራሽን ቢነሣም ሰዉ ሱቆቹን አራግፎ ስለጨረሳቸው በዚያው ዓመት በነሐሴ ተመልሶ ተጣለ። ለመጨረሻ ጊዜ የቀረው በየካቲት 1953 ነው። ለአንድ ሰው በአራት ሳምንት ይደርስ የነበረው እንደየጊዜው ቢለዋወጥም አብዛኛውን ጊዜ 12 አውንስ፣ ማለትም 340 ግራም ገደማ ነበር። ጠንቋይዋ ለኤድመንድ የሰጠችው ሣጥን በርካታ ፓውንድ የሚመዝን እንደነበር ተራኪው ይነግረናል። ዝቅ አድርገን ሦስት ፓውንድ ብንለው እንኳ የአራት ወር ራሽን ነው፤ ልጁ ያን በአንድ መቀመጫ ጨረሰው። የመጀመሪያዎቹ አንባቢዎች ይህን ሒሳብ በእጃቸው ባለው የራሽን ደብተር ሊሠሩት ይችሉ ነበር።

ይህ ታሪካዊ ዝርዝር ለትንተናው የሚጠቅመው አንድ የተሳሳተ ንባብ ስለሚዘጋልን ነው። ሉዊስ ልጆች ጣፋጭ መውደዳቸውን እየነቀፈ አይደለም። በዚያው መጽሐፍ የኤድመንድ ታናሽ እህት ሉሲ ግማሽ ሰው ግማሽ ፍየል ከሆነው ቱምነስ ዋሻ ገብታ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሰርዲን፣ የተጠበሰ ዳቦ በቅቤና በማር፣ ከላዩ ስኳር የተለበጠ ኬክም ትበላለች። ደራሲው ምግቡን አንድ በአንድ እየዘረዘረ አብሯት የሚበላ ይመስላል። ቱምነስም ለጠንቋይዋ አሳልፎ ሊሰጣት ነበር ያስገባት፤ ሊያስተኛት ሞክሯል። ነገር ግን አብረው በልተዋል፤ ተጨዋውተዋል። ከዚያ በኋላ ክፉ ሐሳቡን መፈጸም ያቅተውና አልቅሶ ይናዘዛል፤ መንገድ መርቶም ይሸኛታል። የሉሲም የኤድመንድም ግብዣ በማታለል የጀመረ ነው። ልዩነቱ የቱምነስ ገበታ ሁለት ሰው ያለው መሆኑ ነው። ጠንቋይዋ ከሣጥኑ አንዲት ቁራሽ አልቀመሰችም።

ሐያስያን በኤድመንድ ላይ የሚያነሡት ከባዱ ጥያቄ የኃላፊነት ጥያቄ ነው። ጣፋጩ አስማት አለበት፤ አንዴ የቀመሰው ሁሉ ይበልጥ እየተመኘው ይሄዳል፣ ከፈቀዱለትም እስኪሞት ይበላል። እንግዲህ ልጁ በአስማት ከተያዘ እንዴት መረጠ ይባላል? ካልመረጠስ ለምን ከሃዲ ተባለ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ሉዊስ ድርጊቶቹን በደረደረበት ቅደም ተከተል ውስጥ አለ። ኤድመንድ ጣፋጩን ከመቅመሱ በፊትም በሉሲ ሲያላግጥ ነበር፤ ወደ ናርኒያ በሚያሻግረው ቁም ሳጥን ውስጥ ተከትሏት የገባውም ሊያበሽቃት ነው። ጣፋጩን ከበላ በኋላ ደግሞ ሉሲ ራሷ ጫካው ውስጥ ታገኘዋለች፤ «የናርኒያ ንግሥት ነኝ» የምትለው ሴት ክፉ ጠንቋይ መሆኗን ትነግረዋለች። ሆዱ ይታወካል፤ ልቡም ደስ አይለውም። ያም ሆኖ ጣፋጩን ከምንም በላይ ይፈልገዋል። እዚህ ድረስ አስማቱ ነው ማለት ይቻል ይሆናል።

ቀጥሎ የሚመጣው ግን የአስማት ሥራ አይደለም። ወደ ቤት ይመለሳሉ። ሉሲ እየተፍለቀለቀች ለታላላቆቿ ለፒተርና ለሱዛን ታበሥራለች፤ ኤድመንድም አየው፣ እውነት ነው ትላለች። ፒተር ወደ ኤድመንድ ይዞራል። ተራኪው ኤድመንድ እስከዚያች ደቂቃ ምን እንደሚል እንዳልወሰነ ይነግረንና፣ ባንዴ እጅግ ክፉ የሆነውን ነገር ለማድረግ ቆረጠ ይላል፤ ስንጫወት ነበር እንጂ ምንም የለም ብሎ ትንሿ እህቱን ያዋርዳታል። ይህ ውሸት አንዲት ፍርፋሪ ጣፋጭ አያስገኝለትም። እንዲያውም ጠንቋይዋ ወንድሙንና እህቶቹን እንዲያመጣላት ስለጠየቀችው፣ ስግብግብነቱ ብቻ ቢነዳው ኖሮ እውነቱን መናገር ይጠቅመው ነበር። አስማቱ ምኞቱን አባባሰ እንጂ ውሸቱን አልፈለሰፈለትም። በእኔ ንባብ ይህ የመጽሐፉ እውነተኛ ክህደት ነው፤ ኋላ በእግሩ ተጉዞ የሚፈጽመው የዚህ ቅጥያ ነው።

ክህደቱ የሚፈጸመው አራቱም ልጆች ናርኒያ ከገቡ በኋላ፣ ባስጠጓቸው ተናጋሪ ቢቨሮች ቤት በተሰናዳው እራት ላይ ነው። ገበታው ላይ ትኩስ ዓሣ፣ ድንች፣ እንደልብ የሚቀባ ቅቤ አለ፤ መጨረሻ ላይም በማርማላታ የተጠቀለለ ትኩስ ኬክና ሻይ ይመጣል። ኤድመንድም ይበላል። አይጥመውም ግን፤ አእምሮው ሌላ ምግብ ላይ ነው። ስለ ክፉ ምኞት የሚጽፉ ደራስያን አብዛኛውን ጊዜ የተከለከለውን ነገር ጣዕም በማጋነን ይጠመዳሉ። ሉዊስ ያየው ሌላ ነገር ነው፤ ስግብግብነት ያልተከለከለውን ምግብ ጣዕም ይሰርቃል። ልጁ ከሰዎች መካከል ተቀምጦ፣ ከሚወዱት ጋር እየበላ፣ የሚበላው ግን ብቻውን ነው። የእኛ አገር ሰው «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለው ሌሎቹን ስላስራበ ሰው ነው። የኤድመንድ ሁኔታ ከዚህ ይጠልቃል፤ ከገበታው ሳይነሣ ብቻውን ሆኗል። ማንም ሳያየው ሹልክ ብሎ ሲወጣም አካሉ ልቡን ተከተለ ማለት ነው።

ከዚያ በበረዶው ውስጥ የሚያደርገው ጉዞ፣ እንደ ሥነ ልቦና ጽሑፍ ካየነው፣ ከመጽሐፉ ሁሉ የላቀው ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ። ካፖርቱን ትቶ ወጥቷል። ይንሸራተታል፤ ይወድቃል፤ እግሩ ይረጥባል። ወደ መመለስ ሊያዘነብል ሲቃረብ፣ ጠንቋይዋ ንጉሥ እንደምታደርገው ቃል ገብታለት ነበርና፣ አንድ ሐሳብ ይመጣለታል፦ ንጉሥ ስሆን በመጀመሪያ የማሠራው መንገድ ነው። ከዚህ በኋላ ሐሳቡ ይፈታል። ምን ዓይነት ቤተ መንግሥት እንደሚኖረው፣ ስንት መኪና፣ የግሉ ሲኒማ ቤት፣ ዋናዎቹ የባቡር ሐዲዶች በየት በየት እንደሚያልፉ፣ በቢቨሮች ላይ የሚያወጣው ሕግ። በመጨረሻ ፒተርን እንዴት ልኩን እንደሚያስገባው።

ልብ በሉ፤ በዚህ ሁሉ ዕቅድ ውስጥ ጣፋጩ ጠፍቷል። ስግብግብነቱ ከሆድ ተነሥቶ ወደ ዙፋን ወጥቷል፤ ከዙፋኑም ወደ ታላቅ ወንድሙ። ኤድመንድ ከአራት ልጆች ሦስተኛ ነው፤ ከሱ በላይ ፒተርና ሱዛን አሉ፣ ከሱ በታች ሁሉም የሚሳሳላት ሉሲ። ኦሪት ዘፍጥረትን የሚያውቅ አንባቢ ኤሳውን ማስታወሱ አይቀርም፤ ኤሳው በኩር ሆኖ ብኩርናውን በምስር ወጥ ለታናሹ ሸጠ። ሉዊስ ነገሩን ገልብጦታል። ብኩርና የሌለው ልጅ በምግብ በኩል ብኩርና ሊገዛ ይወጣል፤ ዋጋው ደግሞ በኩሩ ራሱ ነው። ሉዊስ በጦርነቱ ዘመን በሬዲዮ ካሰማቸው ንግግሮች ተሰናድቶ በ1952 በወጣው ሃይማኖታዊ መጽሐፉ የኃጢአቶች ሁሉ ራስ ትዕቢት ነው ይላል፤ ትዕቢት የሚደሰተውም በሚያገኘው ነገር ሳይሆን ከጎረቤቱ በልጦ በማግኘቱ ነው። ከዚህ ተነሥቶ፣ የኤድመንድ ችግር መጀመሪያውኑ ትዕቢትና ቅናት ነው፣ ጣፋጩ ማሳበቢያ ነው የሚል ይኖራል። እኔ አልስማማም። ልጁ ወንድሙን መብለጥ ድሮም ይፈልግ ነበር፤ ነገር ግን ያን ፍላጎት ይዞ ከቤተሰቡ ጋር እየተነጫነጨ ይኖር ነበር። ከቤት አውጥቶ በሌሊት በረዶ ያስኬደው የጣፋጩ ምኞት ነው። ስግብግብነት ለትዕቢቱ እግር ሰጠው።

ጉዞው ውስጥ ሌላም ነገር አለ። ኤድመንድ ጠንቋይዋ በሌሎቹ ላይ ያን ያህል አትከፋም ብሎ ራሱን ያሳምናል፤ ስለሷ ክፉ የሚያወሩት ጠላቶቿ ናቸው፣ ግማሹ ውሸት ይሆናል ይላል። ተራኪው ይህን እንደነገረን፣ ልጁ በልቡ ውስጥ ክፉ መሆኗን እንደሚያውቅ ይጨምርበታል። የስግብግብ ልጅ ምርጫ ትልቁ ድካም እዚህ ላይ ነው፤ የሚያውቀውን እንዳላወቀ ለመሆን የሚያወጣው ጉልበት። ቤተ መንግሥቷ ደርሶ ቃል የተገባለትን ጣፋጭ ሲጠይቅ በብረት ሳህን የደረቀ ዳቦ፣ በብረት ጎድጓዳ ዕቃ ውኃ ይቀርብለታል። ይህ ቅጣት ለአንባቢው ደስታ የተጨመረ አይመስለኝም። ጠንቋይዋ ከመጀመሪያውም የምትሰጠው አልነበራትም፤ ጫካ ውስጥም ሌላ እንዲጨምርለት ሲለምናት ቤቴ ስትመጣ ብላ አሳልፋዋለች።

ታዲያ ልጁ መቼ ተመለሰ? ብዙ ሰው አስላን የተባለው አንበሳ ስለሱ ሲሞት ነው ይላል። በድርሰቱ ግን መመለሱ ከዚያ ይቀድማል፤ የሚከሰተውም ምግብ በቀረበበት ቦታ ነው። ጠንቋይዋ ኤድመንድን በሠረገላ ይዛው ስትጓዝ ጫካ ውስጥ የገና ድግስ ላይ የተቀመጡ ፍጡራን ታገኛለች፤ ሽኮኮ ከነሚስቱና ከነልጆቹ፣ አንድ ሽማግሌ ቀበሮ፣ ሌሎችም። ገበታቸው ላይ የበዓል ምግብ አለ። ከየት አመጣችሁት ትላለች። የገና አባት መስጠቱን ሲነግሯት ዘንጓን ታነሣለች። ኤድመንድ እባክሽ ተዪ እያለ ይጮኻል። አልሰማችውም፤ አንዱ ሹካውን ወደ አፉ እንዳነሣ ሁሉም ድንጋይ ይሆናሉ። ኤድመንድ ከራሱ ሌላ ለሆነ ሰው በዚህ ታሪክ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አዘነ ይላል ተራኪው። ሉዊስ ይህን ትዕይንት ጦር ሜዳ ላይ ወይም እስር ቤት ውስጥ ሊያደርገው ይችል ነበር። ገበታ ላይ አደረገው። ከገበታ ሾልኮ የወጣው ልጅ የሰው ገበታ ሲፈርስ አይቶ ጮኸ። ያቺ ጩኸት ጥፊ እንጂ ምንም አላተረፈችለትም፤ ስለዚህም ከስግብግብነት ነጻ የሆነች የመጀመሪያ ምርጫው ናት።

ከዚህ አንጻር ሮአልድ ዳል በ1964 ያሳተመውን የቸኮላት ፋብሪካ ታሪክ ብናስተያየው ልዩነቱ ይጎላል። በዚያም ስግብግብ ልጆች አሉ፤ አውግስቶስ ግሉፕ በቸኮላት ወንዝ ይወድቃል፣ ቬሩካ ሶልት ወደ ቆሻሻ መጣያው ጉድጓድ ትወርዳለች። ዳል በቅጣቱ የተካነ ነው። ነገር ግን እነዚያ ልጆች እንደተቀጡ ከታሪኩ ይወጣሉ፤ መርጠው ሲሳሳቱም ሆነ ተጸጽተው ሲመለሱ ለማየት ጊዜ አይሰጠንም። ሉዊስ ስግብግቡን ልጅ ታሪኩ ውስጥ ያቆየዋል። ዋጋ ያለው ነገር የሚገኘውም ከመቆየቱ ነው።

በ1952 በወጣው «የዶውን ትሬደር ጉዞ» ዩስታስ ስክራብ የሚባል ሌላ ልጅ ይመጣል። የሚያነባቸው መጻሕፍት ስለ ገቢና ወጪ ንግድ፣ ስለ መንግሥታት የሚያትቱ እንጂ ስለ ዘንዶ የሚያወሩ አይደሉም፤ ስለዚህ ከዘንዶ ጎሬ ሲገባ የት እንደገባ አላወቀም። ወደዚያ ያደረሰውም ሌሎቹ የሚጓዙባትን መርከብ ሲጠግኑ ከሥራ ሸሽቶ መሄዱ ነው። ቀደም ብሎ መርከቧ ላይ ውኃ ሲያጥርና ለሁሉም በልክ ሲታደል በሌሊት ተነሥቶ ሊጠጣ ሲል ተይዟል፤ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ግን ተበዳዩ እሱ ነው። የዘንዶውን ሀብት ሲያይ የመጀመሪያ ሐሳቡ እዚህ ግብር የለም የሚል ነው። አንድ አምባር ክንዱ ላይ ያጠልቃል፤ ኪሱን በአልማዝ ይሞላል፤ ክምሩ ላይ ይተኛል። ሲነቃ ዘንዶ ሆኗል።

ሉዊስ ከልጅነቱ ጀምሮ የሰሜን አውሮፓን አፈ ታሪክ ይወድ ነበር፤ ወርቅ ሲጠብቅ ወደ ዘንዶነት የተለወጠውን የፋፍኒርን ታሪክ ያውቀዋል። ከዚያ ለውጡን ወስዶ የራሱን ነገር ጨመረበት፤ የብቸኝነትን ስሜት። ዩስታስ ዘንዶ መሆኑን ሲረዳ መጀመሪያ ላይ ደስ ይለዋል፤ ከእንግዲህ የሚያስፈራው የለም፣ የናርኒያን ንጉሥ ካስፒያንንና ኤድመንድን ሊበቀል ይችላል። ወዲያው ግን በቀል እንደማይፈልግ ይገባዋል። የሚፈልገው ሰው ነው፤ ማውራት፣ መሳቅ፣ ያለውን ማካፈል። አምባሩ በወፈረው ክንዱ ላይ ጠብቆ ቀን ከሌት ያሠቃየዋል። ለጓደኞቹ ፍየልና አሳማ እያደነ ያመጣል፤ ለመርከቧ ምሰሶ የሚሆን ትልቅ ጥድ ነቅሎ ይሸከማል፤ በብርድ ምሽት ጎኑን ተደግፈው ይሞቃሉ። የራሱን ምግብ ግን ጥሬውን ስለሚበላ ሰው እንዲያየው አይፈልግም፤ ዘወር ብሎ ይበላል። ስግብግብነቱ ሲጀምር ብቻውን መብላት ፈልጎ ነበር። አሁን ብቻውን ይበላል፤ ያፍርበታልም።

ቆዳውን የሚገፍለት አስላን ነው፤ ዩስታስ ራሱ ደጋግሞ ገፎ አልሆነለትም። ይህ ክፍል ብዙ ስለተጻፈበት አልፈዋለሁ። የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ጥቂት ንግግር ነው። ዩስታስ እንደገና ሰው ሆኖ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው ኤድመንድን ነው። ይቅርታ ሲጠይቀው ኤድመንድ፣ አንተ ሞኝ ብቻ ነበርክ፣ እኔ ግን ከሃዲ ነበርኩ የሚል መንፈስ ባለው ቃል ያጽናናዋል። በመጀመሪያው መጽሐፍ መጨረሻ በናርኒያ ነግሦ የኖረ ሰው የልጅነት ጥፋቱን እንደ መድኃኒት አውጥቶ ለሌላው ይሰጠዋል።

ሉዊስ ግን ኤድመንድን ፍጹም አድርጎ አልተወውም፤ የደራሲው ሐቀኝነት የሚታየኝ እዚህ ነው። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ትንሽ አለፍ ብሎ መንገደኞቹ የገባበትን ሁሉ ወርቅ የሚያደርግ ኩሬ ያገኛሉ፤ ውኃው ሥር የወርቅ ሐውልት መስሎ የሚታየው ቀድሞ የገባ ሰው ነው። ካስፒያን ወዲያውኑ ደሴቲቱ የናርኒያ ግዛት ናት፣ ምስጢሯን ያወጣ ይሞታል ይላል። ኤድመንድ የማን ተገዥ ነኝ ብሎ ይቆጣል፤ የካስፒያን እጅ ወደ ሰይፉ ይሄዳል። ጣፋጩን ያሸነፈው፣ ስለ ስግብግብነት ከማንም በላይ የሚያውቀው ኤድመንድ፣ አንድ ኩሬ ወርቅ አይቶ ተመልሶ ስለ ማዕረግ ይጨቃጨቃል። አስላን ሳይናገር በአቀበቱ ሲያልፍ ሁለቱም ከሕልም እንደሚነቃ ሰው ይነቃሉ። በዚያው ጉዞ ሉሲም አስማተኛው መጽሐፍ ላይ ከሱዛን የበለጠ ውብ የሚያደርጋትን ድግምት ልታነብ ትቃረባለች። ደጓ ልጅም ብትሆን ፈተናዋ የመጣው በእህቷ በኩል ነው።

ሦስተኛው ልጅ ዲጎሪ ነው፤ በ1955 በታተመው «የአስማተኛው የእህት ልጅ» ውስጥ። እናቱ በሞት አፋፍ ላይ ናት። ሉዊስ ይህን ከውስጡ ያውቀዋል፤ እናቱ ፍሎራ በነሐሴ 1908 በካንሰር ስትሞት እሱ ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። አስላን ዲጎሪን ከአንድ የአትክልት ስፍራ ፖም አምጣ ብሎ ይልከዋል። ፍሬው ሕይወት ይሰጣል። በሩ ላይ ለሌላ ካልሆነ አትውሰድ የሚል ማስጠንቀቂያ ተጽፏል። ጠንቋይዋ ጄዲስ ቀድማው ገብታ በልታለች። ብላ ትለዋለች፤ እምቢ ይላል። ያኔ ወደ እናቱ ትዞራለች፦ ይህን ይዘህ ብትሄድ ትድናለች፣ ካልወሰድክላት ጨካኝ ነህ።

እዚህ ላይ ስግብግብነት መልኩን ለውጦ ይመጣል። ኤድመንድን ለሆድህ ብለህ ነው ልንለው እንችላለን። እናቱን ለማዳን የሚመኝን ልጅ ስግብግብ የሚለው ማን ነው? ዲጎሪ ቃል ገብቷል፤ ግን የእናቱን ሕይወት ከቃሉ ጋር ሲመዝን ልቡ ይዋልላል። አንባቢውም ውሰድ ይለዋል፤ እኔ በመጀመሪያው ንባቤ ብዬዋለሁ። ጠንቋይዋ የምትሸነፈው በገዛ አፏ ነው። ማንም አያውቅብህም፣ ያቺን ልጅ ይዘሃት መመለስ የለብህም ትለዋለች። ያቺ ልጅ አብራው የመጣችው ጓደኛው ፖሊ ናት። ፖሊን እዚህ ጥሎ መሄድ! ሐሳቡ እጅግ የሚያስጠላ ስለሆነበት ሌላው የተናገረችው ሁሉ በአንድ ጊዜ ባዶ ሆኖ ይታየዋል።

ሉዊስ ስለ ስግብግብነት የነገረን ሁሉ እዚህ ይጠራል። ዲጎሪ ፈተናውን በሕግ አላሸነፈም፤ በማስጠንቀቂያው ጽሑፍም አልዳነም። ያዳነው የሌላ ልጅ መኖር ነው። ኤድመንድም ከገበታው ሲነሣ ሉሲን ቀና ብሎ ቢያያት ኖሮ በረዶው ውስጥ ባልወጣ ነበር ብዬ አስባለሁ። ዲጎሪ ያመጣው ፖም ተተክሎ ዛፍ ይሆናል፤ አስላን ከዚያ ዛፍ ለእናቱ እንዲቆርጥ ይፈቅድለታል፤ እናቱ ትድናለች። የዚያ ፖም እምብርት በለንደን ግቢው ተተክሎ የበቀለው ዛፍ ኋላ በነፋስ ሲወድቅ ዲጎሪ ቁም ሳጥን ያሠራበታል። ኤድመንድ ወደ ናርኒያ የገባበት ቁም ሳጥን ይኸው ነው። መጻሕፍቱን በታተሙበት ቅደም ተከተል ያነበበ ሰው ይህን የሚያውቀው ከኤድመንድ ውድቀት አምስት ዓመት ዘግይቶ ነው፤ ያን ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሶ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ቢያነበው የኤድመንድ ክህደት በሌላ ልጅ ታማኝነት ውስጥ አልፎ የመጣ ሆኖ ያገኘዋል።

በ2005 አንድሩ አዳምሰን ያዘጋጀው ፊልም ለዚህ ሁሉ አልታመነም። ፊልሙ የሚጀምረው ለንደን በቦምብ ስትደበደብ ነው፤ ኤድመንድ የአባቱን ፎቶግራፍ ለማውጣት ወደ ቤት ሲሮጥ ፒተር ተከትሎት ይቆጣዋል። ትዕይንቱ ልብ ይነካል፤ የዘመኑ ተመልካች ለልጁ እንዲራራም ያደርጋል። ያም ሆኖ ከአባቱ የተለየና ወንድሙ የሚቆጣው ልጅ ፍቅር ፈልጎ ወደ ጠንቋይዋ ሄደ ከተባለ፣ ስግብግብነቱ የቁስል ምልክት ሆኖ ይቀራል፤ ምርጫውም ይደበዝዛል። ሉዊስ ለልጆች የነበረው አክብሮት ከዚህ ይበልጣል። አንድ ልጅ ያለ ታላቅ ሰበብ ክፉ ሊመርጥ እንደሚችል፣ በዚያው ልክ ያለ ማንም ገፋፊነት እባክሽ ተዪ ብሎ ሊጮኽ እንደሚችል አምኖ ጽፏል።

ይሁን እንጂ ይህ አክብሮት ለሁሉም እኩል አልታደለም። ዩስታስ አልማዙን ይዞ ሊንደላቀቅበት ያሰበው አገር ካሎርመን ነው፤ ሉዊስ ከናርኒያ በስተደቡብ ያስቀመጠው፣ ሰዎቹ ጠቆር ያሉ፣ ጥምጥም የሚጠመጥሙ፣ ባሪያ የሚገዙ ተደርገው የተሣሉበት ግዛት። የኤድመንድ ጣፋጭ ስሙ ከቱርክ ነው። ፈታኟ ነጭ መሆኗን አልረሳሁም፤ ነገር ግን የምኞት መዳረሻ ተደጋግሞ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ሲያመለክት ከአፍሪካ ሆኖ የሚያነብ ሰው ዝም ብሎ ሊያልፈው አይችልም። በ1954 በታተመው «ፈረሱና ልጁ» ውስጥ የካሎርመን ልዑል ራባዳሽ ንግሥት ሱዛንን በግድ ሊወስድ ጦር ይዞ ይዘምታል። ያየውን ሁሉ የራሱ ለማድረግ የሚፈልግ ወጣት ነው። ተሸንፎ ለፍርድ ሲቀርብ ከሃዲም ሊታረም ይችላል፣ አንድ የማውቀው ታርሟል ብሎ የሚከራከርለት ኤድመንድ ነው። ንግግሩ እጅግ ያምራል። ዩስታስ ዘንዶ ሆኖ ሲያለቅስ ብዙ ገጾች አብረነው ተቀምጠናል፤ ኤድመንድን በበረዶ ውስጥ እርምጃ በእርምጃ ተከትለነዋል። ራባዳሽ ግን ሲፎክር አህያ ይሆናል፤ ሁሉም ይስቅበታል። ወደ ሰውነቱ የሚመለሰው የካሎርመን አምላክ በሆነው በታሽ ቤተ ጣዖት፣ በሕዝቡ ፊት ነው፤ ከዚያ ከአሥር ማይል በላይ ከራቀም ለዘላለም አህያ ሆኖ ይቀራል። በዚያ የአህያ ቆዳ ውስጥ ምን እንዳሰበ፣ ማንን እንደናፈቀ፣ በልቡ አንድ የሚያሳዝነው ሰው ተገኝቶ እንደሆነ ሉዊስ ለመጠየቅ አልቆመም።